የጭስ ኦክስጅን መለኪያ ሲሳሳት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን ዕትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ዕቃው በጭስ ማውጫ ውስጥ ተተክሎ ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን የሚለካው፣ በራሱ ሂተር እየሞቀ የሚሠራው የዚርኮኒያ ሴንሰር ነው። ኦክስጅኑን የሚለካው የዚርኮኒያ ቁራጭ ሴል፣ ሴሉንና ሂተሩን ይዞ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባው ዘንግ ደግሞ ፕሮብ ይባላል። አራቱ ጠያቂዎች የቦይለር ሰዎች ሲሆኑ አምስተኛው ባለ መኪና ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ቦይለራችን የሚሠራው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። የኦክስጅን መለኪያው ከሦስት ሳምንት ወዲህ 20.9 በመቶ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ብሏል። እሳቱ ግን እየነደደ ነው፤ እንዲያውም ጭሱ ከወትሮው ጠቁሯል። ሴሉን በአዲስ ቀየርነው፤ ለውጥ የለም። ሊያይልን የመጣው ቴክኒሻን ንጹሕ አየር ነፋበትና መለኪያው 20.9 ስላሳየ «ኤሌክትሮኒክሱ ደህና ነው፤ ሙሉ ፕሮቡ ይቀየር» ብሎናል። ዋጋው ከባድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም ይጠይቃል። ምን ይሻለናል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ገና አይግዙ። ከሁሉ በፊት ግን የበርነሩ (የነዳጅ ማንደጃው) የአየር መጠን ከዚህ መለኪያ በሚመጣ ምልክት የሚስተካከል ከሆነ ዛሬውኑ ወደ እጅ መቆጣጠሪያ ይመልሱትና አየሩን በተንቀሳቃሽ የጭስ መመርመሪያ እያዩ ያስተካክሉ። ጭሱ የጠቆረበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ መቆጣጠሪያው በጭሱ ውስጥ አየር የተትረፈረፈ መስሎት መግቢያውን እየዘጋ ሄዷል፤ ነዳጁ የሚበቃውን አየር ስላላገኘ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ኦክስጅንን ከእውነቱ አሳንሶ የሚያሳይ መለኪያ ነዳጅ ያባክናል እንጂ ብዙ አያስፈራም፤ አስፈሪው እንደ እርስዎ ያለው፣ አጋንኖ የሚያሳየው ነው።

አሁን ወደ 20.9 እንምጣ፤ ይህ በተራ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ነው። ዚርኮኒያ ሸክላ መሰል ቁስ ሲሆን ኢትሪያ የሚባል ኦክሳይድ ተቀላቅሎበት ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ የኦክስጅን አየኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አተሞች) በውስጡ ያሳልፋል። በሁለቱ ገጾቹ ላይ ስስ ፕላቲነም ተቀብቷል፤ አንደኛው ገጽ የውጭ አየር፣ ሌላኛው ጭስ ይነካዋል። በሁለቱ ወገን ያለው የኦክስጅን መጠን በተለያየ ቁጥር በፕላቲነሞቹ መካከል ጥቂት ሚሊቮልት ይፈጠራል፤ መጠኑም በጀርመናዊው ኬሚስት በቫልተር ኔርንስት ቀመር ይሰላል። ሴሉ በ750 ዲግሪ ሲሠራ በጭሱ ውስጥ 1 በመቶ ኦክስጅን ካለ ወደ 67 ሚሊቮልት፣ 2 በመቶ ከሆነ ወደ 52፣ 3 በመቶ ከሆነ ወደ 43፣ 5 በመቶ ከሆነ ወደ 32፣ 8 በመቶ ከሆነ ወደ 21 ሚሊቮልት ይነበባል። ኦክስጅኑ ሲበዛ ሚሊቮልቱ እንደሚያንስ ልብ ይበሉ፤ በሁለቱም ወገን አየር ሲሆን ልዩነት ስለሌለ ዜሮ ይሆናል።

እንግዲህ መለኪያዎ «20.9 በመቶ» ሲል «ምንም ሚሊቮልት አልደረሰኝም» ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ በእርግጥ አየር ስላገኘ ሊሆን ይችላል፤ የምልክት ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስለተነካኩም ሊሆን ይችላል። ቴክኒሻኑ ያደረገው ፍተሻ ሁለቱን ሊለይ አይችልም፤ ምክንያቱም አየር ሲነፋበት ጤነኛው ሴልም፣ የሞተው ሴልም፣ የተነካካው ሽቦም አንድ ዓይነት ዜሮ ይሰጣሉ። የሙቀት መጠኑ ቢሳሳት እንኳ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ ፍተሻው አያጋልጠውም። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ አየር ፍተሻ ብዙ ሰው ያሳሳተ የለም።

ስለዚህ በመቶኛውን ይተዉትና ጥሬዎቹን ሁለት ቁጥሮች ይመልከቱ፤ እነርሱም የሴሉ ሙቀትና ሚሊቮልቱ ናቸው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሁለቱንም በምናሌያቸው ውስጥ ያሳያሉ። ሙቀቱ ከተወሰነለት በታች ከሆነ ሚሊቮልቱ ትርጉም ስለማይኖረው መጀመሪያ ሂተሩን ይመርምሩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስታውሱ። የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ ሲወርድ የሂተሩ ጉልበት በካሬ ይቀንሳል፤ 220 ቮልት የሚጠብቅ ሂተር 180 ሲደርሰው ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። በተጨማሪም በብዙ ቦታ እሳቱ ሲጠፋ ሂተሩ እንዲቋረጥ ተደርጎ ይገጠማል፤ እንዲህ የጋለ ሴል ያልተቃጠለ ነዳጅ ቢደርስበት ሊያቀጣጥለው ስለሚችል ነው። ቦይለሩ ቆሞ ሳለ ሴሉ ቀዝቅዞ ካገኙት ብልሽት ላይሆን ይችላልና ሂተሩን የሚያቋርጠውን ያንን የደህንነት ማገናኛ በሽቦ አይዝለሉት።

ሙቀቱ ትክክል ከሆነ መልቲሜትር ይዘው ወደ ፕሮቡ ራስ ይውጡና ቦይለሩ እየሠራ የምልክቱን ሚሊቮልት እዚያው ተርሚናሉ ላይ ይለኩ። እዚያ 40 ወይም 50 ሚሊቮልት ካገኙና ፓኔሉ ዘንድ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ በመካከሉ ባለው ኬብል ወይም በፓኔሉ መግቢያ ላይ ነው። ተርሚናሉም ላይ ዜሮ ካገኙ ሽቦዎቹን ከተርሚናሉ ፈትተው እንደገና ይለኩ፤ ሚሊቮልቱ ብቅ ካለ የተነካካው ኬብል ጎትቶት ነበር ማለት ነው። ኬብሉን በሜገር (የሽቦን ልባስ በከፍተኛ ቮልት በሚፈትሽ መሣሪያ) ለመፈተሽ ካሰቡ አስቀድመው ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱት፤ ያለዚያ ደህናውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥሉታል።

ፈትተውትም ዜሮ ከሆነ የታወቀ ጋዝ ከሲሊንደር ይልቀቁበት፤ ለምሳሌ 2 በመቶ ኦክስጅን በናይትሮጅን ውስጥ ያለው ቢሆን ወደ 52 ሚሊቮልት መዝለል አለበት። ከዘለለ ሴሉ ጤነኛ ነው፤ አየር ከውጭ እየገባበት ነው ማለት ነው። የፍላንጁን ጋስኬት፣ የሴሉን ማሸጊያ ቀለበት፣ ጥቁር ናፍጣ የሚፈጥረው አሲድ የበላውን የጭስ ማውጫ ቆርቆሮ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሙሉ ስደክምበት የቆየሁት ጥፋት የካሊብሬሽን ጋዝ (መለኪያውን ለማስተካከል የሚለቀቀው የታወቀ ጋዝ) ማስገቢያው ክዳን ነበር፤ ካሊብሬሽን ያደረገው ሰው ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ኖሯል። የጭስ ማውጫው ውስጥ ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ በዚያች ቀጭን ቱቦ አየር እየሳበ በቀጥታ ሴሉ ፊት ያፈስሰዋል። በጋዙም ምንም ካልተነቃነቀ ወይ የጋዙ መስመር ተደፍኗል፣ ወይ አዲሱ ሴል ሲገጠም ተሰንጥቋል።

እንድገምት ከፈቀዱልኝ ግን ከፕሮቡ ራስ አጠገብ ያለውን ኬብል እጠረጥራለሁ። የአየር መግቢያ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በርነሩ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥቂትም ቢሆን ይወዛወዝ ነበር፤ በሦስት ሳምንት አንዴ እንኳ ያልተነቃነቀ 20.9 የሽቦ ጠባይ ነው። ኬብሉ የጋለውን ቆርቆሮ ከነካ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ። አዲስ ሴል ያላዳነውም ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኛ ፕሮብ ሂተር በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። የተለየ ነገር ያደረግነው የለም፤ መለኪያውን ከቦይለሩ ጎን አንስተን አየር ማቀዝቀዣ ወዳለው መቆጣጠሪያ ክፍል ከማዛወራችን በቀር። ኦክስጅኑንም ከተንቀሳቃሹ መመርመሪያ ሁልጊዜ አሳንሶ ያሳያል።
(ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ የተለየ ነገር አላደረግንም ካሉ በኋላ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። መለኪያውን ሲያዛውሩ ኬብሉን አስረዝማችኋል፤ ያስረዘማችሁት በተራ የመዳብ ሽቦ ይመስለኛል። ለሂተሩና ለሴሉ ምልክት መዳብ ምንም አይደለም። የሴሉን ሙቀት ለሚለካው ለቴርሞኮፕሉ ግን አይሆንም፤ እስከ መለኪያው ድረስ የራሱ ዓይነት ማካካሻ ኬብል ያስፈልገዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴርሞኮፕል የሚሰጠው ሚሊቮልት የጫፉን ሙቀት ሳይሆን በጫፉና ሽቦው ወደ መዳብ በሚለወጥበት ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። መለኪያው ያንን ቦታ በራሱ ተርሚናል ላይ እንዳለ ቆጥሮ የክፍሉን ሙቀት ይደምርበታል። እርስዎ ዘንድ ለውጡ የሚደረገው በፕሮቡ ራስ ላይ ነው። የፕሮቡ ራስ 80 ዲግሪ፣ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ተርሚናል 30 ዲግሪ ነው እንበል። መለኪያው 50 ዲግሪ ጎድሎ ስለሚታየው ሂተሩን ይገፋዋል፤ ሴሉ 800 ዲግሪ ሲደርስ እርሱ 750 ደረስኩ ይላል። በየሰዓቱ ከሚገባው 50 ዲግሪ በላይ የሚጋል ሂተር ዕድሜው ቢያጥር አይገርምም።

የኦክስጅኑ ማነስም ከዚሁ ነው። ሴሉ ይበልጥ ሲግል ለተመሳሳይ ጭስ የሚሰጠው ሚሊቮልት ወደ አምስት በመቶ ያህል ያድጋል፤ መለኪያው ግን በ750 ስለሚያሰላ 2 በመቶ የሆነውን ኦክስጅን 1.8 ገደማ አድርጎ ያነብበዋል።

ለማረጋገጥ በቴርሞሜትር የፕሮቡን ራስ ሙቀት ይለኩና እዚያው የቴርሞኮፕሉን ሚሊቮልት ያንብቡ። የኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል ከሆነና ራሱ 80 ዲግሪ ከሆነ፣ ትክክለኛው 750 ዲግሪ ወደ 27.9 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ 30 ካገኙ ሴሉ 800 ላይ ነው። ኬብሉን ሲቀይሩ በቀለም ይጠንቀቁ። በአሜሪካኖቹ ደረጃ ቀዩ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው፤ ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ሁሉ ያሳስታል። በአውሮፓው ደረጃ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። አገላብጠው ካሰሩት ሴሉ በጋለ ቁጥር መለኪያው እየቀዘቀዘ የሚሄድ መስሎት ሂተሩን ሙሉ በሙሉ ይለቅቀዋል።

ሌላም ልጠይቅዎ፤ እሑድ እሑድ ቦይለሩን ስታቆሙ መለኪያውንም ታጠፋላችሁን? ሰልፈር ያለበት ነዳጅ ሲነድ የጭሱ አሲድ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ባለው መካከል መጤዝ ይጀምራል፤ የቀዘቀዘ ፕሮብ ያንን ጤዛ ይጠጣል፤ ሰኞ ጠዋት በድንገት ሲግል ሸክላው ይሰነጠቃል። እሳቱ ሲጠፋ ሂተሩን የሚያቋርጠው ማገናኛ እስከፈቀደ ድረስ ፕሮቡን ሙቅ አድርጎ ማቆየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅኑም ያንሳል። ታዲያ የካሊብሬሽኑን የላይኛ ነጥብ 20.95 ከማድረግ ይልቅ ወደ 16 ዝቅ ማድረግ አይገባንምን? ለዜሮ ነጥብ ደግሞ ንጹሕ ናይትሮጅን መጠቀም ይቻላልን?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም ዝቅ አያድርጉት። በከፍታ ላይ የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። የኦክስጅን ድርሻው ግን በጅቡቲም በእንጦጦም 20.95 በመቶ ነው። ሴሉ የሚያወዳድረው በሁለቱ ገጾቹ ያለውን ኦክስጅን እርስ በርስ ነው፤ ግፊቱ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀንስ በማካፈል ይጣፋል። 16 ብለው ቢሞሉት መለኪያው በሁሉም ቦታ ኦክስጅኑን አሳንሶ ያሳያል።

ከፍታው የሚነካው በርነሩን ነው። ያው ነፊ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ በርነር እዚህ ሲገጠም አየር ያጥረዋል። መለኪያው ኦክስጅን አነሰ ካለ፣ ምናልባት እውነቱን እየነገራችሁ ነው።

ስለ ናይትሮጅኑ፦ አይቻልም። የሴሉ ቀመር በሎጋሪዝም ስለሚሄድ ኦክስጅኑ ዜሮ ሲሆን ሚሊቮልቱ ማለቂያ የለውም፤ በተግባርም በቱቦው ውስጥ የቀረች ጥቂት አየር ንባቡን እንደ ፈለገች ታደርገዋለች። ለዝቅተኛው ነጥብ እንደ አምራቹ መመሪያ 0.4 ወይም 1 በመቶ ኦክስጅን ያለበት ጋዝ ይጠቀሙ። የጋዙን ፍሰት ደግሞ መመሪያው ከሚለው አያብዙ፤ ከተደፈነ ማጣሪያ ጀርባ በኃይል የተነፋ ጋዝ ግፊት ፈጥሮ ካሊብሬሽኑን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ በስኳር ፋብሪካ የቦይለር ክፍል እሠራለሁ፤ የምናነደው ባጋስ (ጭማቂው የወጣለት የሸንኮራ አገዳ ገለባ) ነው። ቋሚው መለኪያ 4.5፣ ተንቀሳቃሹ 6.0 በመቶ ያሳያሉ። ሁለቱንም በአንድ ሲሊንደር ካሊብሬት አድርገናቸዋል። የትኛው ነው የተበላሸው?
(ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ)

መልስ፦ አንዳቸውም። ቋሚው ጭሱን ከነእንፋሎቱ ይለካል፤ ተንቀሳቃሹ ግን ጭሱን ስቦ አቀዝቅዞ ውሃውን ካስወገደ በኋላ ይለካል። ባጋስ በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ከጭሱ ሩብ ገደማ የውሃ እንፋሎት ነው፤ ከ6.0 ላይ ሩቡን ቢቀንሱ 4.5 ያገኛሉ። በጥቁር ናፍጣ ቢሆን ኖሮ እንፋሎቱ አሥር በመቶ ያህል ብቻ ስለሚሆን በተንቀሳቃሹ 3.0 የሆነው በቋሚው 2.7 ይሆን ነበር። ለኦፕሬተሮቹ የሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ የታለመው ቁጥር «በእርጥብ» ወይም «በደረቅ» ተብሎ ይጻፍ።

የባጋስ አመድ ግን የሴሉን ማጣሪያ ስለሚደፍን አንድ ነገር ልጨምር። የካሊብሬሽኑን ጋዝ ከዘጉ በኋላ ንባቡ ወደ ጭሱ ቁጥር ለመመለስ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት በየጊዜው ይመዝግቡ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መመለሱ እየዘገየ ከሄደ ማጣሪያው እየተደፈነ ነው። የሴሉን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚያሳይ መሣሪያ ካላችሁም አብራችሁ መዝግቡት፤ በመቶ ኦም ውስጥ የነበረው ወደ ሺዎች ከወጣ ፕላቲነሙ አርጅቷል። ከዚህ ሌላ፣ ጭሱ ውስጥ ያልተቃጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ በጋለው ፕላቲነም ላይ ይነድና ከኦክስጅኑ ይበላል፤ 1 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ በመቶ ኦክስጅን ይወስዳል። እርጥብ ባጋስ በገባ ቀን ልዩነቱ ከወትሮው ቢሰፋ ይህንንም ያስቡ።

ጥያቄ፦ የቤት መኪናዬ የሞተር መብራት በራ፤ በኮምፒዩተር ሲታይ ፒ 0135 የሚል ኮድ ወጣ። መካኒኩ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል ይላል።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮዱ የሚለው የፊተኛው ሴንሰር የሂተር መስመር ችግር አለበት ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል አይደለም። የመኪናው ሴንሰር በመሠረቱ ከላይ ያወራንለት ዚርኮኒያ ነው፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ላይ ያወጣው የመጀመሪያው ሂተር ስላልነበረው እስኪሞቅ የሚጠብቀው የጭሱን ሙቀት ነበር፤ ሂተር ያለው በ1982 ተከተለ።

መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ። ቀጥሎ ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት በመኪናው በኩል 12 ቮልት መድረሱ ይለካ። ከደረሰ በሴንሰሩ በኩል ያሉት የሂተሩ ሁለት ሽቦዎች ተቃውሞ ይለካ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ከጥቂት ኦም እስከ 15 ኦም ገደማ ከሆነ ሂተሩ ደህና ነው፤ ጭራሽ ካልነበበ ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ መካኒኩ እውነቱን ነው። ሲፈትሽ ደግሞ ምልክቱ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መወዛወዝ አለበት ብሎ እንዳይፈርድ ይንገሩት፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ፊት ለፊት ያለው የአየርና የነዳጅ ሬሾ ሴንሰር ነውና እንዲህ አይወዛወዝም።

የሚቀየር ከሆነ አጠገቡ የሲሊኮን ማሸጊያ እንዳይቀባ ያስጠንቅቁ፤ ትነቱ ፕላቲነሙን ይመርዘዋል። ሽቦውም ተቆርጦ በቆርቆሮ ብየዳ እንዳይቀጠል፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን የውጭ አየር የሚስቡት በሽቦው ፕላስቲክ ውስጥ፣ በክሮቹ መካከል ስለሆነ የቀለጠው ቆርቆሮ መተንፈሻቸውን ይደፍነዋል።